የቆየ ኮምፒውተር ሴንሰሮች የተሳሳተ ቁጥር ሲያሳዩ

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ በተሠራ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ የሴንሰር ንባብ የሚያሳይ ፕሮግራም ጭኖ የከፈተ ሰው፣ የፕሮሰሰሩ ሙቀት 9 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ስም የሌለው ሌላ ሴንሰር 127 ዲግሪ፣ የ12 ቮልቱ መስመር 11.4 ቮልት፣ ፋኑ ደግሞ ዓይኑ እያየው እየዞረ ዜሮ ዙር ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። በዚህ ጊዜ ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው ሴንሰሩ ተበላሽቷል ወይም ማዘርቦርዱ አበቃለት የሚለው ሐሳብ ነው። ሆኖም ከአራቱ ቁጥሮች አንዱም የብልሽት ምልክት ላይሆን ይችላል፤ በቆዩ ማሽኖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው የሚለካው ክፍል ሳይሆን ልኬቱን ወደ ዲግሪና ወደ ቮልት የሚተረጉመው ፕሮግራም ነው።

የ12 ቮልቱን ጉዳይ አስቀድሞ መመልከት የቀሩትንም ለመረዳት ያግዛል። በእነዚህ ማዘርቦርዶች ላይ ቮልቴጅን፣ የፋን ዙርንና የቦርዱን ሙቀት የሚሰበስበው እንደ ዊንቦንድና አይቲኢ ያሉ ኩባንያዎች የሠሩት አንድ ቺፕ ሲሆን፣ ቺፑ የሚያውቀው እግሮቹ ላይ የደረሰውን ቮልቴጅ ብቻ ነው። በዘመኑ የነበሩት የአይቲኢ ቺፖች በ16 ሚሊቮልት እርከን ከዜሮ እስከ 4.08 ቮልት ድረስ ብቻ ስለሚለኩ፣ 12 ቮልት በቀጥታ ሊገባቸው አይችልም፤ ስለዚህ የማዘርቦርዱ አምራች በመካከል ሁለት ሬዚስተሮችን (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገቱ፣ መጠናቸው በኪሎኦም የሚለካ ትንንሽ ክፍሎችን) አስገብቶ ቮልቴጁን ያሳንሰዋል። ሬዚስተሮቹ 30 እና 10 ኪሎኦም ከሆኑ ቺፑ ጋ የሚደርሰው 3 ቮልት ነው፤ ፕሮግራሙም መልሶ በ4 ማባዛት ይኖርበታል። ፕሮግራሙ ግን አምራቹ የትኞቹን ሬዚስተሮች እንደመረጠ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ 28 እና 10 ኪሎኦም ናቸው ብሎ ከገመተ በ3.8 ያባዛል፤ ትክክለኛው 12 ቮልትም 11.4 ሆኖ ይታያል። 11.4 ደግሞ ኤቲኤክስ የተባለው የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ደረጃ ለዚህ መስመር ከሚፈቅደው የ5 በመቶ ልዩነት ታችኛው ጠርዝ በመሆኑ ተጠቃሚውን ያስደነግጣል። እኔ ራሴ ይህን ከመረዳቴ በፊት ምንም ያልሆነ ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለውን ሣጥን) አውጥቼ ሌላ ገዝቻለሁ፤ አዲሱም ያንኑ 11.4 አሳየኝ።

ስለዚህ በቮልቴጅ ጉዳይ ዳኛው መልቲሜትር የተባለው የኤሌክትሪክ መለኪያ ነው። መልቲሜትሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ ያድርጉት፤ ኮምፒውተሩ በርቶ ከባድ ሥራ እየሠራ ሳለ፣ ከፓወር ሰፕላዩ ከሚወጡት ገመዶች መካከል ሥራ ላይ ያልዋለ ባለአራት ሽቦ ማገናኛ ፈልገው የመልቲሜትሩን ጥቁር ጫፍ ከጥቁሩ ሽቦ፣ ቀዩን ጫፍ ከቢጫው ሽቦ ጋር ያነካኩ። ቢጫው የ12፣ ቀዩ የ5 ቮልት መስመር ነው። የፓወር ሰፕላዩን የቆርቆሮ ሣጥን ግን በምንም ምክንያት አይክፈቱ፤ ከግድግዳው ተነቅሎም ቢሆን በውስጡ ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ካፓሲተሮች አደገኛ ቮልቴጅ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ልኬቱ ለ12 ቮልቱ ከ11.4 እስከ 12.6፣ ለ5 ቮልቱ ከ4.75 እስከ 5.25 ከሆነ መስመሩ ጤነኛ ነው፤ የሚታረመው ፕሮግራሙ ነው። መልቲሜትሩ 12.0 ሲያሳይ ፕሮግራሙ 11.4 ካለ፣ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ሲያካፍሉ 1.053 ያገኛሉ፤ በሊኑክስ በኤልኤም-ሴንሰርስ የማስተካከያ ፋይል፣ በዊንዶውስ ደግሞ በኤችደብሊውኢንፎ ፕሮግራም ውስጥ ንባቡ በዚህ ቁጥር እንዲባዛ ማዘዝ ይቻላል።

ሙቀት ከዚህ ይበልጥ አሳሳች ነው። በመጀመሪያ ኮምፒውተሩን ሌሊቱን ሙሉ አጥፍተው ያሳድሩት፤ ጠዋት የክፍሉን ሙቀት በተራ ቴርሞሜትር ይለኩና ወዲያው አብርተው ንባቡን ይመልከቱ። ትክክለኛ ንባብ ከክፍሉ ሙቀት ጥቂት ዲግሪዎች ከፍ ብሎ ይጀምራል። በፋን ብቻ የሚቀዘቅዝ ፕሮሰሰር ከክፍሉ አየር በታች ሊወርድ ስለማይችል፣ ክፍሉ 20 ዲግሪ ሆኖ ፕሮሰሰሩ 9 ካለ ቁጥሩ በእርግጥ እውነት አይደለም። ይህ ማለት ግን ሴንሰሩ ሞቷል ማለት አይደለም። ፌኖም በተባለው ሞዴል ዘመን የነበሩት የኤኤምዲ ኩባንያ ፕሮሰሰሮች የሚያወጡት ቁጥር ፋንን ለመቆጣጠር የተዘጋጀ መለኪያ እንጂ የፕሮሰሰሩ አካላዊ ሙቀት አይደለም፤ ሥራ ሲፈታ ከክፍሉ ሙቀት በታች ቢታይ አያስገርምም። እንዲያውም ሶኬት ኤፍና ኤኤም2 ፕላስ በተባሉት የፕሮሰሰር መሰኪያዎች ላይ ያሉት አንዳንዶቹ ልኬታቸው አስተማማኝ እንዳልሆነ ስለሚታወቅ፣ የሊኑክስ ድራይቨር ካልተገደደ በስተቀር አያነባቸውም።

ኢንቴል በኮር 2 ዱዎ የሄደበት መንገድ ደግሞ ሌላ ነው። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ዲጂታል ሴንሰር የሚናገረው ሙቀቱ ስንት እንደሆነ ሳይሆን፣ ከሚፈቀደው ከፍተኛ ሙቀት ምን ያህል ዲግሪ እንደሚርቅ ነው። ከፍተኛውን ሙቀት ፕሮግራሙ ከራሱ ሠንጠረዥ አውጥቶ ርቀቱን ይቀንስለታል፤ ትክክለኛው 100 ሆኖ ሳለ 85 ብሎ ከያዘ፣ ንባቡ ሁሉ በ15 ዲግሪ ዝቅ ይላል። ሴንሰሩ ትክክለኛነቱ የሚጨምረው ወደ ገደቡ ሲጠጋ በመሆኑ፣ ማሽኑ ሥራ ሲፈታ የሚታየው ዝቅተኛ ቁጥር ብዙም ክብደት ሊሰጠው አይገባም፤ አንዳንዶቹ የ45 ናኖሜትር ፕሮሰሰሮች ጭራሽ ከተወሰነ ቁጥር በታች ሳይወርዱ እዚያው ይቆማሉ። በእነዚህ ማሽኖች ላይ ከዲግሪው ይልቅ እስከ ገደቡ የቀረውን ርቀት የሚያሳየውን ንባብ መከታተል ይሻላል፤ ርቀቱ በከባድ ሥራ ላይ ከ20 በላይ ከሆነ የሚያሳስብ ነገር የለም።

ሴንሰሩ ሕያው መሆኑን ለማረጋገጥ ፕሮሰሰሩን ሙሉ በሙሉ የሚያሠራ ፕሮግራም ለአሥር ደቂቃ ያስኪዱ። ንባቡ ሥራው ሲጀመር በሰከንዶች ውስጥ መነሣት፣ ሲቆምም መውረድ አለበት። ከመቅጽበት ሠላሳና አርባ ዲግሪ ዘሎ ወደ ገደቡ ከደረሰ ግን ቁጥሩን አይጠራጠሩት፤ ሙቀት አስተላላፊው ቅባት (ተርማል ፔስቱ) ደርቋል ወይም በፕሮሰሰሩ ላይ ከተቀመጠው የማቀዝቀዣ ብረት (ሂት ሲንክ) አራት የፕላስቲክ እግሮች አንዱ ተነቅሏል። የራስዎን ውጤት ከሌሎች ሰዎች ቁጥር ጋር ሲያነጻጽሩ ከክፍሉ ሙቀት በላይ ያለውን ልዩነት ብቻ ያነጻጽሩ፤ ይህም ልዩነት እንደ ቦታው ከፍታ ሊለያይ ይችላል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ስስ በመሆኑ ያው ፋን የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ገጽ ላይ የሚታየው ንባብ በዊንዶውስ ሥራ ሲፈታ ከሚታየው ከፍ ማለቱም ስሕተት አይደለም፤ ባዮስ በአብዛኛው ፕሮሰሰሩን አያሳርፈውም።

127 ዲግሪ ወይም ከዜሮ በታች 128 የሚል ንባብ ብዙውን ጊዜ ምንም ያልተያያዘበት የቺፕ እግር ነው። በሥራ ጫና ጊዜ ቅንጣት የማይንቀሳቀስ ከሆነ ከዝርዝሩ ይደብቁት።

ዜሮ የሚያሳየው ፋን ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው ከሆነ ዙሩን የሚናገር ሽቦ የለውም። ሦስት ሽቦ እያለው ዜሮ ካሳየ ግን ምክንያቱ የቺፑ ቆጣሪ ጠባብነት ሊሆን ይችላል፤ ቆጣሪው የሚቆጥረው ፋኑ አንዴ እስኪዞር ያለውን ጊዜ በመሆኑ ፋኑ ቀስ ባለ ቁጥር ቆጠራው ይበዛል፤ ብዙዎቹ የቆዩ ቺፖች ደግሞ ከ255 በላይ መቁጠር አይችሉም። ዙሩ የሚገኘው 1,350,000ን ለቆጠራውና ለአካፋዩ (ቆጠራውን ለማሳነስ ለሚስተካከለው ቁጥር) ብዜት በማካፈል ስለሆነ፣ አካፋዩ 2 ከሆነ በደቂቃ ከ2,650 ዙር በታች ያለው ሁሉ ዜሮ ይሆናል፤ ወደ 8 ከፍ ሲል ወደ 660 ገደማ የሚዞር ፋን ሳይቀር ይታያል። ቀስ ብሎ የሚዞር ጸጥተኛ ፋን ገዝተው በማግስቱ ሞተ ብለው የሚመልሱ ሰዎች ይህን አካፋይ ቢነኩት ይበቃቸው ነበር።

ንባቡ ትክክል ሆኖ እየቆየ አልፎ አልፎ ለአንድ ሰከንድ እብድ ቁጥር ከዘለለ፣ ሁለት የመከታተያ ፕሮግራሞች ቺፑን በአንድ ጊዜ እየጠየቁት እንደሆነ ይጠርጥሩ። አንደኛው ፕሮግራም በቺፑ ውስጥ የሚያነበውን የመረጃ ቦታ ቁጥር መርጦ ገና ሳያነብ ሌላኛው ሌላ ይመርጥበታል። አንዱን ብቻ አስቀርተው ለአንድ ቀን ይከታተሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቁጥሩ ካልተስተካከለ፣ በተለይም በቆዩ ቦርዶች በፕሮሰሰሩ ሶኬት ሥር የተቀመጠው ሴንሰር፣ በእርግጥ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ንባቡን ከፕሮግራሙ መደበቅ ብቻውን አይበቃም፤ ባዮስ ፋኑን የሚያፋጥነውና የሚያዘገየው በዚያው በተበላሸ ሴንሰር ላይ ተመሥርቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ወደ ባዮስ ገብተው የፋኑን አውቶማቲክ ቁጥጥር ያጥፉና ዘወትር በሙሉ ፍጥነት እንዲዞር ያድርጉት።