ወፍና አበባ ስትጠልፉ እባካችሁ ሐረጉን አትርሱ

ባሕር ዳር ጥልፍ የሚማሩ ልጆች ሰሞኑን አንድ ነገር ወደዋል። ከስልካቸው ላይ የድሮ የእንግሊዝ ንድፍ አውጥተው በወጥ ቤት ፎጣ፣ በሽርጥና በመሶብ ልብስ ላይ ይጠልፋሉ። ከሁሉ የሚበዛው የእንግሊዛዊው ንድፍ ሠሪ የዊሊያም ሞሪስ «የእንጆሪ ሌባ» ነው። ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1883 የሠራው ሲሆን፣ የሳለውም የገጠር ቤቱን እንጆሪ እየለቀሙ ያስቸገሩትን ወፎች ነው። እኔም በጣም እወደዋለሁ። ለዚህም ነው ሲበላሽ ዝም ብዬ ማየት የማልችለው። የማያቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

አበባውን ከሐረጉ መለየት። ይሄኛው ያናድደኛል! ልጅቱ ወፏን ትወዳለች፣ እንጆሪውን ትወዳለች። ሐረጉ ግን አድካሚ ይሆንባትና ትዘለዋለች። ከዚያ ወፏ አንድ ጥግ፣ እንጆሪው ሌላ ጥግ፣ ቅጠሉ ደግሞ መሀል ላይ ብቻውን ይቀራል። የንድፉ ውበት እኮ ሁሉም ነገር ከሆነ ቦታ መብቀሉ ነው። ፍሬው ከቅርንጫፉ፣ ቅርንጫፉ ከዋናው ሐረግ ይወጣል። በጣታችሁ ተከተሉት፤ ከየት እንደመጣ ታገኙታላችሁ። ይሄ ደግሞ ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ ያለውን ሐረግ አላያችሁም? መስመሩ እየተጠላለፈ እንዴት እንደሚሄድ ልብ በሉት።

ባለፈው ከዳንግላ የመጡ እናት አንዲት ተማሪ የጨረሰችውን የመሶብ ልብስ አነሱና ትክ ብለው አዩት። «ልጄ፣ ይቺ ወፍ የቆመችው ምን ላይ ነው?» አሏት። ልጅቱ መልስ አልነበራትም። ፈታነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሐረጉን ጥለፉ፣ ቀጥሎ ቅጠሉን፣ ወፏን በመጨረሻ። ጨርቁ ከጠበባችሁ አንዲት ወፍ ከነቅርንጫፏ ውሰዱና የቀረውን ተዉት።

ቀለሙን እንዳለ ነጭ አቡጀዲ ላይ መገልበጥ። ሞሪስ ጨርቁን መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ኢንዲጎ በሚባል ሰማያዊ ማቅለሚያ አስነክሮ፣ ንድፉ የሚያርፍበትን ቦታ ቀለም በሚያጠፋ ነገር ያስነጣ ነበር። ቀዩና ቢጫው የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የወፏ ነጣ ያለ ዝንጉርጉር ደረት የሚያበራው ዙሪያው ጥቁር ሰማያዊ ስለሆነ ነው። ያንኑ ክር ነጭ ላይ ስታሳርፉት ደረቷ ይጠፋል፤ ክንፍና ጭራ ብቻ ይታያል። ወይ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ግዙ፣ ወይ የደረቷን ዙሪያ በቡናማ ክር አጥሩት።

ሁለቱን ወፎች በአንድ አቅጣጫ ማዞር። ፊት ለፊት ነው የሚተያዩት። የንድፉን ግማሽ ብቻ ወረቀት ላይ ሳሉና፣ ወረቀቱን መሀሉ ላይ አጥፋችሁ ሌላውን ግማሽ ቅዱ።

ጨርቁን ሳያጥቡ መጀመር። አቡጀዲ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ጥልፋችሁም አብሮ ይጨማደዳል።

ሳህን የሚደርቅበትን ፎጣ መሀሉን መጠቅጠቅ። ወፍራም ጥልፍ ውሃ አይመጥም። ፖሊስተር ጨርቅማ ጭራሽ! ፎጣ ከሆነ ጥጥ ይሁን፤ ጥልፉም ጠርዝ ላይ ይረፍ። መሀሉን ለመሶብ ልብስ አቆዩት።

በረኪና። የወጥ ቤት ጨርቅ ሽሮም እርድም ይነካዋል፤ ያለ ነው። በረኪና ግን ከእድፉ ጋር የክሩንም ቀለም ይዞት ይሄዳል። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቡት። የእርዱ ቢጫ ካልለቀቀ እርጥቡን ትንሽ ፀሐይ ላይ አስጡት፤ እርድ ፀሐይ አይችልም። ሲደበዝዝ ወዲያው አንሱት፤ ክሩም ፀሐይ ሲበዛበት ይደበዝዛል። ቀይ ክር ስትገዙ ደግሞ ጥልፍ ከመጀመራችሁ በፊት በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሹት። ጨርቁ ሮዝ ከሆነ ያንን ክር አትጠቀሙበት።