ፎቶ ሳይደበዝዝ በትልቁ ለማሳጠብ መጠኑን እንዴት ማስተካከል ይቻላል?

በአዲስ አበባ፣ በአያትም ሆነ በቱሉ ዲምቱ በኩል ባሉ ፎቶ ቤቶች የምርቃት ወይም የሠርግ ፎቶ በትልቁ ለማሳጠብ የሚመጡ ሰዎች፣ ብዙ ጊዜ ይዘው የሚቀርቡት በቴሌግራም የተላከላቸውን ምስል ነው። በስልክ ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ይህ ምስል ሲጎላ የሚደበዝዘው ግን ማተሚያው ደካማ ስለሆነ ሳይሆን፣ ያሉት ፒክስሎች (ምስሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ለተፈለገው ስፋት ስለማይበቁ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ ፎቶውን ካነሳው ሰው ዋናውን ምስል ይጠይቁ። ቴሌግራም በተለመደው መንገድ የተላከን ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ረጅም ጎኑን ወደ 1280 ፒክስል ያወርደዋል፤ በፋይል መልክ የተላከ ግን እንዳለ ይደርሳል። ስክሪንሾት ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም።

ቀጥሎ የምስሉን ዝርዝር መረጃ ከፍተው የእያንዳንዱን ጎን የፒክስል ብዛት ለ300፣ ማለትም ለጥሩ ህትመት በአንድ ኢንች ለሚያስፈልገው የፒክስል ብዛት፣ ያካፍሉ። ውጤቱ በኢንች ነው፤ በ2.54 ሲባዛ ሴንቲሜትር ይሆናል። በ12 ሜጋፒክስል ካሜራ የተነሳ 4000 በ3000 ፒክስል ፎቶ እስከ 34 በ25 ሴንቲሜትር ድረስ በጥሩ ጥራት ይታተማል፤ በቴሌግራም የመጣው ባለ 1280 ግን 11 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ ያበቃል። ሳሎን ግድግዳ ላይ ራቅ ተብሎ ለሚታይ ፎቶ በ300 ፋንታ በ200 ማካፈል ይቻላል፤ በእጅ ለሚያዝ አልበም ግን ባይሞክሩት እመክራለሁ።

ብዙዎች የሚዘነጉት የጎኖቹን ምጥጥን ነው። የስልክ ፎቶ በአብዛኛው 4 ለ3 ሲሆን፣ 10 በ15 የሚባለው ወረቀት 3 ለ2 ስለሆነ፣ ወረቀቱን ለመሙላት ከፎቶው አጭር ጎን ከዘጠኝ አንዱ እጅ መቆረጡ አይቀርም። በአግድም የተነሳ ከሆነ ከኋላ የቆመው ተመራቂ ቆብ፣ በቁም ከሆነ ደግሞ ዳር የቆመው ዘመድ ትከሻ ሊሄድ ይችላልና፣ የሚቆረጠውን ቦታ ለማሽኑ ሳይተዉ ራስዎ ይምረጡ።

በፎቶሾፕ መጠኑን ሲያስተካክሉ «ሪሳምፕል» የሚለውን ምልክት ያጥፉት፤ ካልጠፋ ፕሮግራሙ የሌለ ፒክስል በግምት ይሞላል። ሲጨርሱ በከፍተኛው የጄፔግ ጥራት አንድ ጊዜ ብቻ ያስቀምጡ፤ በተደጋገመ ቁጥር ምስሉ ይጎዳልና።

ለትልቁ ህትመት ከመክፈልዎ በፊትም ከፊት ገጽታው ላይ ትንሽ ቁራጭ በመጨረሻው መጠን እንዲታተምልዎ ይጠይቁና ሽፋሽፍቱ ተለይቶ መታየቱን ይመልከቱ።