ዱቄቱ ሳያልቅ ስንት ሲቀር እንዘዝ?

ደብረ ብርሃን ላይ ዳቦ ቤት ወይም ምግብ ቤት ላላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዕቃ የምታዙበትን ቀን በዓይን ግምት አትወስኑ። በቀን 2 ኩንታል ዱቄት ትፈጃላችሁ እንበል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነውና ብዙ ጊዜ በ2 ቀን ይደርሳል። ነገር ግን በዓመቱ ውስጥ በጣም የዘገየው 7 ቀን ከፈጀ፣ ስሌቱ በ7 ነው፦ መጋዘን ውስጥ 14 ኩንታል ሲቀር ስልክ ይደወላል። በ2 ቀን ያሰላ ሰው መንገድ የተዘጋ ዕለት ምድጃው ይቀዘቅዛል።

«ሁለት አቅራቢ አለኝ» ማለትም ብቻውን አያድንም። እኔ ሁለት የሽንኩርት ነጋዴዎች ነበሩኝ፤ ለካ ሁለቱም ከሸዋ ሮቢት ጣርማ በርን ወጥተው ነው የሚያመጡት። መንገዱ ሲዘጋ ሁለቱም በአንድ ቀን ደውለው ያንኑ ወሬ ነገሩኝ! አሁን ከአምስት ጆንያ አንዱን በሌላ አቅጣጫ ከሚመጣው የምንጃር ሽንኩርት እገዛለሁ። ትንሽ ይወደዳል፤ ግን ነጋዴው ደንበኛው መሆኔን ስለሚያውቅ በጭንቅ ቀን ስልኬን ያነሳል።

ሁሉንም ማከማቸትም አያዋጣም። ሽንኩርት ይበቅላል፣ ይበሰብሳል፤ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ዘርግታችሁ የሳምንት ብቻ ያዙ። ትርፍ ብር ካለ ጤፍ ላይ ይዋል፣ ነቀዝ አይደፍረውም። የሾፌሮቹንም ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት፤ የእኔ ስልክ ባትሪው ያለቀው ልክ በዚያች ቀን ነበር።