የወጣቶችን ተስፋ በመጠይቅ ስንለካ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ለወደፊት ሕይወትህ ተስፋ አለህ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ።

ትልቁ ስህተት ይኸው ነው። ተስፋ መቁረጥ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ በብዙ ቤት እንደ ኃጢአትም ይቆጠራል። ስለዚህ ወጣቱ «ተስፋማ አለኝ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ወይም «ኢንሻአላህ» ይላል። መልሱ ውሸት አይደለም፤ የሚነግረን ግን ስለ እምነቱ እንጂ ስለ ነገ ዕቅዱ አይደለም። ሁሉም «አለኝ» ካለ ደግሞ ለወጣቶቹ ከምንሰጠው ሥልጠና በፊትና በኋላ ስንለካ የሚታይ ለውጥ አይኖርም።

ተስፋን ከፋፍሎ መጠየቅ ይሻላል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቻርልስ ስናይደር በሁለት ይከፍለዋል፦ «ግቤን አሳካለሁ» የሚል ወኔ፣ እና ወደ ግቡ የሚያደርስ መንገድ ማየት። እሱና ባልደረቦቹ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ለልጆች ያወጡት መለኪያ ስድስት ዐረፍተ ነገሮች ብቻ አሉት፤ ሦስቱ ስለ ወኔ፣ ሦስቱ ስለ መንገድ። ለእያንዳንዱ ከ1 (በፍጹም) እስከ 6 (ሁልጊዜ) ይሰጣል። ዝቅተኛው ድምር 6፣ ከፍተኛው 36 ነው።

ድምሩን ብቻ ይዞ መሄድ።

ሁለት ልጆች እኩል 24 ሊያመጡ ይችላሉ። አንዷ በወኔ 12፣ በመንገድ 12፤ ሌላው በወኔ 17፣ በመንገድ 7። ይህኛው ልጅ ወኔ አላነሰውም። የጎደለው ብድር የት እንደሚጠየቅ፣ ቴክኒክና ሙያ ለመግባት ምን እንደሚያስፈልግ የሚያሳየው ሰው ነው። ድምሩ ብቻ ሪፖርት ሲደረግ ለእሱም አነቃቂ ንግግር ይዘጋጅለታል፤ ሰምቶ፣ አጨብጭቦ፣ ወደነበረበት ይመለሳል። ሁለቱን ውጤቶች ሁልጊዜ ለየብቻ አውጡ።

ቃል በቃል መተርጎም።

አማርኛ ሁለት ወጥመዶች አሉት። አንደኛው ጾታ ነው፤ «ትችላለህ» ተብሎ የተጻፈውን ለሴት ሲያነቡ መረጃ ሰብሳቢዎች በየራሳቸው ይቀይሩታል፣ ቃሉም ከሰው ሰው ይለያያል። ዐረፍተ ነገሩን በአንደኛ መደብ ጻፉት፦ «ችግር ሲገጥመኝ መውጫ አገኛለሁ»። ለሴትም ለወንድም አይለወጥም።

ሁለተኛውና የባሰው አሉታ ነው። «ያሰብኩት አይሳካልኝም» ሲባል አንዱ «አዎ» ይላል፣ ሌላው «አይ፣ አይሳካልኝም» ይላል፤ ሁለቱም መስማማታቸው ነው። ቸኩሎ የሚጽፍ ሰብሳቢ ግን «አይ» ያለውን አልተስማማም ብሎ ይመዘግበዋል። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ ከባልደረቦቹ ጋር በ1974 (እ.ኤ.አ.) ያዘጋጀው ባለ 20 ጥያቄ የተስፋ ቢስነት መለኪያ በ«ልክ ነው» እና «ልክ አይደለም» የሚመለስ ነው፤ እነዚህን ሁለት ቃላት ሳይለውጡ መጠቀም፣ በ«አዎ» አለመተካት። ከትርጉም በኋላ ስምንት ወይም አሥር ወጣቶች እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር በራሳቸው አባባል እንዲደግሙት አድርጉ። ስታትስቲክስ የማያወጣው ችግር እዚያ ይወጣል።

መሰላሉን ማምታታት።

ሌላው መለኪያ የመሰላል ሥዕል ነው፦ ታችኛው ደረጃ እጅግ የከፋ፣ ላይኛው እጅግ ጥሩ ኑሮ ይሆንና ወጣቱ አሁን የትኛው ላይ እንዳለ፣ ከዓመታት በኋላስ የትኛው ላይ እንደሚደርስ ይጠየቃል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሃድሊ ካንትሪል በ1965 (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው መሰላል ከ0 እስከ 10 ነው፤ ስለዚህ 11 ደረጃ ይሳላል፣ ብዙዎች ግን 10 ብቻ ይስላሉ። የሕዝብ አስተያየት ጥናት ድርጅቱ ጋሉፕ አሁን ያለበትን 7 ወይም ከዚያ በላይ፣ የአምስት ዓመት በኋላውን 8 ወይም ከዚያ በላይ ያለ ሰው ጥሩ ኑሮ ላይ ነው ብሎ ይመድባል። ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኢትዮጵያም ልጆችን የተከታተለው «ያንግ ላይቭስ» ጥናት ግን ባለ ዘጠኝ ደረጃ መሰላል ተጠቅሞ ስለ አራት ዓመት በኋላ ጠይቋል። የአንዱን 6 ከሌላው 6 ጋር ማወዳደር አይቻልም።

ከቁጥሩ ቀጥሎ «እዚያ ደረጃ ላይ ስትደርስ የት ነህ? ምን እየሠራህ?» ብላችሁ ጠይቁ። 9 ያለው ልጅ ራሱን የሚያየው ሪያድ ወይም ጆሃንስበርግ ከሆነ፣ ተስፋው አለ፤ እዚህ ግን አይደለም። ይህን ሳይጠይቁ «የወረዳው ወጣት ተስፈኛ ነው» ብሎ መጻፍ ያሳዝናል።

ጊዜን አለማየት።

ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ያለ ውጤት በወጣ ሳምንት የተሰበሰበ መረጃ የዚያን ሳምንት ሐዘን ነው የሚለካው። በገጠርም ነሐሴ ላይ የተጠየቀና አዝመራ በሚሰበሰብበት በታኅሣሥ የተጠየቀ አንድ ዓይነት አይመልስም። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ወር ይሁን።

ቀላሉን ወጣት ብቻ ማግኘት።

ትምህርት ቤት ሄዶ መጠየቅ ትምህርት ያቋረጡትን ይተዋል። በቀን ቤት ለቤት መዞር ባጃጅ ነጂውንና ሊስትሮውን ያሳልፋል፣ ስልክ መደወል ስልክ የሌላትን የቤት ሠራተኛ። ዕድሜውንም ቀድማችሁ ወስኑ፦ የኢትዮጵያ ወጣቶች ፖሊሲ ከ15 እስከ 29፣ የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር ከ15 እስከ 35፣ የተባበሩት መንግሥታት ከ15 እስከ 24 ይላሉ።

እናት ወይም ታላቅ ወንድም አጠገብ ተቀምጦ መጠየቅም መልሱን ያበላሻል። ልጅቷ ለእናቷ እንጂ ለእናንተ አትመልስም። ከጆሮ የራቀ፣ ከዓይን ግን ያልተሰወረ ቦታ፣ ለምሳሌ የግቢው ጥግ፣ ይበቃል።

ዝቅተኛ ውጤት ላመጣ ልጅ ሳይዘጋጁ መውጣት።

ስለ ተስፋ ማጣት ስትጠይቁ «መኖር አስጠልቶኛል» የሚል ልጅ ይገጥማችኋል። መጠይቁ ሳይታተም ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዳለው አረጋግጡ፣ ስልኩን በእያንዳንዱ ሰብሳቢ ደብተር ላይ ጻፉ። እንዲህ ያለ መልስ ሲመጣ ሰብሳቢው ቀሪውን ጥያቄ አቁሞ ያዳምጥ፣ ልጁን ብቻውን አይተው፣ በዚያው ቀን ለተቆጣጣሪው ይንገር።