ለለውዝ ቅቤ የሚሆን ለውዝ እንዴት ይገዛል?

ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ገላን፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ የለውዝ ቅቤ የሚያዘጋጁ ትንንሽ ማምረቻዎች አሉ። ስለ መቁያው፣ ስለ መፍጫው፣ ስለ ጠርሙሱና ስለ ስቲከሩ ብዙ ይታሰባል። ስለ ለውዙ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ «ኩንታሉ ስንት ገባ?» ከዚህ ጥያቄ በፊት የሚጠየቁ ሌሎች አሉ።

ዋናው ስጋት አፍላቶክሲን ነው። ሻጋታ ለውዝ ላይ ሲያድግ የሚያመነጨው መርዝ ነው። ከዓይነቶቹ ክፉው ቢ1 የሚባለው ሲሆን የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋግጧል። ዓለም ይህን ጉድ ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪዎች የተበከለ የለውዝ መኖ በልተው ካለቁ በኋላ ነው። መቁላት መርዙን በመጠኑ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። መፍጨት ደግሞ መጥፎዋን ፍሬ ከጥሩዎቹ ጋር ያዋህዳታል። ከዚያ በኋላ መለየት አይቻልም።

1. ከየት እንደመጣ አጣሩ

ነጋዴው «የሐረር ነው» ይላችኋል። ይህ በቂ መልስ አይደለም። ባቢሌ ነው? ጉርሱም? ፈዲስ? ከቤኒሻንጉልም ብዙ ለውዝ ይመጣል። ወረዳውን፣ የተነቀለበትን ወርና የተፈለፈለበትን ቦታ ጠይቁ። ምሥራቅ ሐረርጌ ላይ ለውዝ በብዛት የሚነቀለው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ሰኔ ላይ «አዲስ ምርት» ብሎ የሚያቀርብላችሁ ካለ፣ ግማሽ ዓመት የት ተቀምጦ እንደነበር ይንገራችሁ።

የአየሩንም ነገር ጠይቁ። ከመነቀሉ በፊት ባሉት የመጨረሻ ሳምንታት ድርቅና ሙቀት ከበረታ ሻጋታው ገና መሬት ውስጥ እያለ ይጀምረዋል። እንዲህ ባለ ዓመት ምርመራው ላይ ጠበቅ ማለት ነው።

2. ከተቻለ ከነቅርፊቱ ግዙ

እኔን ብትጠይቁኝ ትልቁ ውሳኔ ይህ ነው። በእጅ የሚፈለፈል ለውዝ ደረቅ ከሆነ ጣት ይልጣል። ስለዚህ እንዲለሰልስ ውሃ ይርከፈከፍበታል። ውሃው ሚዛንም ያነሣል። ከዚያ እርጥቡ ፍሬ ማዳበሪያ ውስጥ ታፍኖ በአይሱዙ ተጭኖ ይመጣል። ለሻጋታ ከዚህ የተመቸ ነገር የለም።

ከነቅርፊቱ ሲሆን ይህ ሁሉ ይቀራል። በእርግጥ ቦታ ይይዛል፣ የጭነት ሒሳቡም ይጨምራል። 100 ኪሎ ከነቅርፊቱ ቢፈለፈል የሚወጣው ፍሬ 70 ኪሎ ገደማ ነው፤ ዋጋ ስታወዳድሩ ይህን አስቡ። ሦስት አራት ማምረቻዎች አንድ መኪና ቢጋሩና መፈልፈያ ማሽን በጋራ ቢገዙ ያዋጣል። ንጹሑ ቅርፊት ለመቁያው ማገዶ ይሆናል። ይህ የማይሆንላችሁ ከሆነ በማሽን፣ በደረቁ የተፈለፈለ ብቻ ተቀበሉ።

3. ስትረከቡ ከላይ ብቻ አትዩ

ከእያንዳንዱ ማዳበሪያ ከላይ፣ ከመሀልና ከታች ውሰዱ። ከነቅርፊቱ ከሆነ ነቅነቅ አድርጉት፤ የደረቀ ለውዝ ውስጡ ይንኳኳል። ፍሬውን ስትነክሱት ቀጭ ብሎ ሊሰበር ይገባል። ከለመጠ አልደረቀም። የእርጥበት መለኪያ ካላችሁ የፍሬው እርጥበት ከ8 በመቶ እንዳያልፍ ተጠንቀቁ።

መርዙ ግን በዓይን አይታይም፣ በጭነቱ ውስጥም እኩል አይበተንም። ጥቂት ፍሬዎች ብቻ እጅግ ተመርዘው ሌላው ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ እፍኝ ይዞ ላቦራቶሪ መሄድ ገንዘብ ማባከን ነው። ከሁሉም የወሰዳችሁትን ደባልቃችሁ ብዙ ኪሎ አድርጉት፣ ፈጭታችሁ አዋህዱት፣ ከዚያ ናሙና ውሰዱ። የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት አለ፤ ለገጣፎ ደግሞ ብሌስ የተባለው የግል ላቦራቶሪ አለ። ዋጋና ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ውጤቱን የምታነጻጽሩበት ቁጥር ካስፈለጋችሁ፣ ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ የሚያወጣው ኮዴክስ ገና ለሚቀነባበር ለውዝ የፈቀደው ጠቅላላ አፍላቶክሲን በኪሎ 15 ማይክሮግራም ነው። አውሮፓ ለምግብነት ለተዘጋጀው 4 ብቻ ትፈቅዳለች። ውጤቱ እስኪመጣ ጭነቱ አይነካ።

4. ለደረቀው ጨመር አድርጋችሁ ክፈሉ

ገበሬው ለምን ያድርቅ? እርጥብ ለውዝ ከባድ ነው፣ የሚሸጠውም በኪሎ ነው። ባደረቀ ቁጥር የሚቀንስበት ገቢው ነው። በኪሎ እኩል የሚከፍል ገዢ ውሃ እየገዛ መሆኑን ይወቀው። ለደረቀና ለተለቀመ ለውዝ ጭማሪ እንደምትከፍሉ ምርቱ ከመነቀሉ በፊት ተስማሙ፤ ከኅብረት ሥራ ማኅበር ጋር ቢሆን ይቀላል። ቀብዱን ስትሰጡ ከፊሉን በሸራ ብታደርጉትስ? መሬት ላይ የተሰጣና ሸራ ላይ የተሰጣ ለውዝ አንድ አይደለም።

ማሳው ላይ አምና ምን ተዘርቶ እንደነበርም ጠይቁ። ለውዝ ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ አፈሩን ስለሚያዳብር ከማሽላ ጋር ቢፈራረቅ ለሁለቱም ጥሩ ነው። በየዓመቱ ለውዝ በለውዝ ላይ ከሆነ ግን በሽታው አፈሩ ውስጥ ይከማቻል።

የሚፈለፍለውስ ማነው? ልጆች ከትምህርት ቀርተው ነው? ከውጭ በሚገባውና ቸኮሌት ውስጥ በሚጨመረው ሃዘልነት በተባለ ፍሬ ላይ ዓለም ሲከራከር የኖረው በዚህ ጉዳይ ነው። ከዓለም ሃዘልነት ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከቱርክ፣ በተለይ ከጥቁር ባሕር ዳርቻ ነው። በለቀማው ወቅት ከሌላ ክፍለ ሀገር የሚመጡ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ይሠራሉ። ትልልቆቹ የቸኮሌት ኩባንያዎችም ፍሬው ከማን ማሳ እንደተለቀመ እንዲያውቁ ግፊት ተደርጎባቸዋል። እኛ አገር ለውዝ ሲገዛ ይህን የሚጠይቅ እስካሁን አልገጠመኝም።

5. ማስቀመጥና መልቀም

ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ ደርድሩ። ክረምቱን የሚሻገር ካላችሁ አየር የማያስገባው ፒክስ ከረጢት ይሻላል፤ ግን በደንብ ለደረቀ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ጭነት ቁጥር ይኑረው፣ ያው ቁጥር ጠርሙሱ ላይ ይጻፍ።

ለቀማውን ሁለት ጊዜ አድርጉት፦ አንዴ በጥሬው፣ አንዴ ተቆልቶ ቆዳው ከወለቀ በኋላ። ቆዳው ሲወልቅ የጠቆረው በደንብ ይታያል። የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ የተሰበረ፣ ነቀዝ የነካው ሁሉ ይውጣ። መርዙ የሚበዛው በእነዚህ ውስጥ ነው። ለቃሚዎቹን በኪሎ ሳይሆን በቀን ክፈሏቸው። በኪሎ የምትከፈል ሴት ብትጣደፍ አይፈረድባትም፤ ያን ጊዜ መጥፎው አብሮ ያልፋል። ብርሃን ያለበት ቦታ አስቀምጧቸው፣ የአፍ መሸፈኛም ስጧቸው።

6. የተለቀመው መጥፎ ወዴት ይሄዳል?

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይዘናጋል። በሩ ላይ «ለከብት ነው፣ በርካሽ ስጡኝ» የሚል አይጠፋም። አትስጡ። ላም የተበከለ መኖ ስትበላ መርዙ ተለውጦ በወተቷ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ የተወሰዱ 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉም ይህ መርዝ ተገኝቶባቸዋል። ያኔ በዋናነት የተጠረጠረው የኑግ ፋጉሎ ነበር፤ ለውዝ አልነበረም። ቢሆንም ሱሉልታና ሰንዳፋ ላሉ ላሞች ሌላ ምንጭ መጨመር አያስፈልግም።

ለዘይት ጨማቂም አይሰጥ፣ ምክንያቱም ፋጉሎው ተመልሶ ለከብት ነው። ዶሮም አይብላው። ከግቢ ሳይወጣ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት። ከመቅበራችሁ በፊት አመድ ደባልቁበት፤ ያለዚያ ማታ ቆፍሮ አውጥቶ ጠዋት ገበያ የሚያደርሰው ይገኛል።