የላፕቶፕ ቁልፎች አንድ ላይ ሲጠፉ፦ የሠራልኝ መፍትሔ

ላፕቶፔ ላይ የተወሰኑ ፊደላት በአንድ ጊዜ መጻፍ አቆሙ። የቀሩት ደህና ናቸው።

የኪቦርዱን ድራይቨር (ዊንዶውስ ኪቦርዱን የሚያሠራበትን ሶፍትዌር) አጥፍቼ ድጋሚ ጫንኩ፤ ለውጥ የለም። ዊንዶውስን አዘመንኩ፤ ያው ነው። በዩኤስቢ የሰካሁት ኪቦርድ ግን ሁሉንም ይጽፋል። ከዚያ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ቅንብር) ገብቼ የይለፍ ቃል ማስገቢያው ላይ ሞከርኩ (ሳላስቀምጥ ወጣሁ)። እዚያም እነዚያው ቁልፎች ዝም አሉ። ባዮስ ያለ ዊንዶውስ ስለሚሠራ፣ ችግሩ የሶፍትዌር አልነበረም ማለት ነው። ይህን ፍተሻ ከሁሉ አስቀድሙት፤ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

ቁልፎቹ የሚያያዙት በረድፍና በዓምድ በተዘረጉ መስመሮች ነው። አንድ መስመር ሲቋረጥ እሱ ላይ ያሉት አብረው ይጠፋሉ።

ኪቦርዱን ልቀይር ብል፣ ቀልጠው በተጣበቁ ትንንሽ የፕላስቲክ ችንካሮች ከላይኛው ሽፋን ጋር ተያይዟል። ለመቀየር ባትሪውም ማዘርቦርዱም (ዋናው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) መውጣት አለባቸው። ለአንድ ኪቦርድ ይህን ሁሉ መፍታት በጣም ያናድዳል። በብሎን ቢታሰር ምን ነበረበት!

የሠራው ይኸው፦ ላፕቶፑን አጥፍቼ የታችኛውን ክዳን ፈታሁ፤ የባትሪውን ሶኬት ነቀልኩ። የኪቦርዱን መስመሮች ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን ጠፍጣፋ ሪበን ኬብል የያዘችውን መቆለፊያ በፕላስቲክ መሣሪያ ቀስ ብዬ አነሳሁ። በቀላሉ ስለምትሰበር አትቸኩሉ። የኬብሉን ጫፍ በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ጠረግኩ። ሲደርቅ ቀጥ አድርጌ እስከ መጨረሻው አስገባሁና ቆለፍኩት።

ባትሪውን መልሼ ሳበራ ሁሉም ቁልፎች ጻፉ። የእናንተ በዚህ ካልተመለሰ፣ ኬብሉ ተቆርጦ ወይም ኪቦርዱ ውስጥ ፈሳሽ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ መቀየሩ አይቀርም።