ከስታርታፕ መሥራችነት ወደ ሥራ አስኪያጆች ኮችነት፦ ድሬዳዋ ላይ ለሚጀምሩ

ድርጅት ያቋቋመ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ ያሰናበተ፣ የደመወዝ ቀን ደርሶ ካዝናው ባዶ የሆነበት ሰው ሥራ አስኪያጆች በቀላሉ ያምኑታል። ልምዱ የሚያገለግለው ግን እስከዚህ ድረስ ነው። ውይይቱ ሲጀመር ትልቁ እንቅፋት ያው ልምድ ይሆናል፤ መሥራች ችግር ሲሰማ መፍትሔ ማቅረብ ለምዷልና። መፍትሔ ማቅረብ ማማከር ነው። የተከበረ ሙያ ነው፣ ግን ሌላ ሙያ ነው፤ ኮች ደንበኛው መፍትሔውን ራሱ እንዲያገኝ በጥያቄ የሚረዳ ነው።

በቅድሚያ የቀድሞውን ድርጅት በወጉ ይዝጉ። የግብር ክሊራንስ ይውሰዱ፣ ንግድ ፈቃዱን ይመልሱ። ለአዲሱ ሥራም ፈቃድና ሕጋዊ ደረሰኝ ያስፈልጋል፤ ፋብሪካም ሆነ ባንክ ያለ ደረሰኝ አይከፍልም።

በዓለም ላይ በሰፊው የሚታወቀው የምስክር ወረቀት በ1995 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን (አይሲኤፍ) የሚሰጠው ነው። ኤሲሲ ለተባለው የመነሻ ደረጃ 60 ሰዓት ሥልጠና፣ ከ3 ወር ባላነሰ ጊዜ ተከፋፍሎ የተሰጠ 10 ሰዓት የሜንተር ኮቺንግ (ልምድ ያለው ኮች የእርስዎን አሠራር እያየ የሚሰጠው እርማት)፣ 100 ሰዓት የኮቺንግ ሥራ እና ፈተና ይጠየቃል። ከ100ው ሰዓት 75ቱ የተከፈለበት መሆን አለበት። ቀጣዩ ፒሲሲ 125 ሰዓት ሥልጠናና 500 ሰዓት ሥራ ይጠይቃል።

ብዙ መሥራቾች የሚሳሳቱት ሰዓት አቆጣጠሩ ላይ ነው። ሥልጠና ከመጀመርዎ በፊት ወጣቶችን በመምከር ያሳለፉት ዓመት አንዱም አይቆጠርም። ሁለተኛው ስሕተት ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ በነፃ መሥራት ነው፤ 75ቱ ሰዓት ሳይነካ ዓመቱ ያልቃል። ክፍያው ትንሽም ቢሆን፣ በገንዘብ ፋንታ በዕቃ ወይም በአገልግሎት ቢሆንም ስለሚቆጠር፣ ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ጀምሮ ጥቂት ያስከፍሉ። የደንበኛውን ስም፣ አድራሻ፣ የተጀመረበትንና ያበቃበትን ቀን፣ የተከፈለበትንና ያልተከፈለበትን ሰዓት በዚያው ዕለት ይመዝግቡ፤ ስሙን ለመመዝገብም ፈቃዱን ይጠይቁ።

ሥልጠናው በኢንተርኔት ከሆነ ሰዓቱን ደግመው ያስሉ። በጂኤምቲ 12:00 የተባለ ክፍል ለእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። የአውሮፓ ትምህርት ቤት ከሆነ በመጋቢትና በጥቅምት ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ ክፍሉ በአንድ ሰዓት ይዛወራል።

አንድ ውይይት 60 ደቂቃ ይበቃዋል። በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች «ዛሬ ከዚህ ሲወጡ ምን ይዘው መውጣት ይፈልጋሉ?» ብለው ይጠይቁና መልሱ እስኪጠራ ድረስ ወደ ፊት አይሂዱ። እዚህ ላይ የተቻኮለ ውይይት ወሬ ሆኖ ይቀራል። የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች ደንበኛው ምን እንደሚያደርግ፣ መቼ እንደሚያደርገውና ምን ሊያሰናክለው እንደሚችል በራሱ አንደበት እንዲናገር ይተዉለት። በመሃሉ ካለው 40 ደቂቃ አብዛኛውን መናገር ያለበት እሱ ነው። ከጠየቁ በኋላ ዝም ይበሉ፤ አምስት ሰከንድ ረጅም መስሎ ቢሰማም ደንበኛው የሚያስበው ያኔ ነው። «ለምን ኃላፊውን አትቀይረውም?» የጥያቄ ምልክት የተደረገበት ምክር ነው። «ኃላፊው ቢቀየር ምን ይለወጣል?» ግን ጥያቄ ነው። በፈቃድ የተቀዳ ውይይትን መልሶ እንደማዳመጥ ይህን ልማድ የሚያጋልጥ ነገር የለም።

ድሬዳዋ ላይ ውይይት ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሐሳብ አያሰባስብም፣ ብዙ ሰውም ወደ በርጫ (ጫት እየቃሙ ወደሚጨዋወቱበት) ይሄዳል። በርጫ ላይ ጨዋታው ይደራል፣ ዕቅዱም ይሰፋል፤ በማግስቱ የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ውይይቱን እዚያ አያድርጉ። ከዚራ ሰፈር ያሉት ካፌዎችም ለትውውቅ እንጂ ለምስጢር አይሆኑም፤ በር የሚዘጋበት ክፍል ይከራዩ።

ገበያው ሰፊ ነው፦ የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ በ2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የነፃ ንግድ ቀጠና፣ የመጋላና የከዚራ ነጋዴ ቤተሰቦች፣ ሐረርም ቅርብ ናት። ግን በዚህ ከተማ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። የቀድሞ ባልደረባዎንና ሠራተኛዎን ደንበኛ አያድርጉ። ሁለት ተፎካካሪ ነጋዴዎች ከመጡ ለሁለቱም ሳይነግሩ አይቀበሉ፤ አንዱ ካልተስማማ ሁለተኛውን ይተዉት።

ከባዱ ጉዳይ ከፋዩና ደንበኛው ሲለያዩ ነው። ባለቤቱ ይከፍላል፣ ሥራ አስኪያጁ ይወያያል፣ ከወር በኋላ ባለቤቱ ይደውልና «ምን ነገረህ?» ይላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ሦስቱም ወገኖች አንድ ገጽ ውል ይፈርሙ። ባለቤቱ የሚያውቀው ስንት ጊዜ እንደተገናኙና በጋራ የተስማሙበትን ግብ ብቻ ነው፤ ስለ ውይይቱ ይዘት የሚነግረው ራሱ ሥራ አስኪያጁ ነው። ሰውየው እንቅልፍ ካጣ፣ ተስፋ ከቆረጠ ወይም ሱስ ከያዘው ጉዳዩ የኮች ሳይሆን የሐኪም ነው፤ ወደ ሐኪም ይምሩት።

ንግዱን ለልጃቸው ሊያስረክቡ ያሰቡ አባት «ልጄን አስተካክልልኝ» ብለው ቢመጡ በአክብሮት ያዳምጧቸው፣ ከዚያ ልጁን ለብቻው ለ30 ደቂቃ ያግኙት። በራሱ አንደበት የሚፈልገውን ካልተናገረ ገንዘቡን አይቀበሉ።